የአቶ ኦሉም ገመድ

ዘሃራ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ወጥታ በባሮ ወንዝ ዳርቻ ስታልፍ፣ አቶ ኦሉም የተባሉት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጀልባቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ሲጠመዝዙ አገኘቻቸው። የቀኝ መዳፋቸውን ቁስል ከሁለት ወር በፊት ያጠበችላቸው እሷው ነበረች፤ ስኳራቸውም ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል። ዓይን አፋር ናትና ሰላምታ ሰጥታ ልታልፍ ስትል፣ የቁስሉ ፋሻ ላይ አዲስ ደም አየች።

«አባባ፣ እስካሁን አልዳነም?»

«እምቢ አለ፣ ልጄ። ይደርቃል፤ መረብ ስስብ ይከፈታል። እሑድ ጀልባዬን ለወንድሜ ልጅ ለኦባንግ ላስረክብ ነው።»

ሲናገሩ ድዳቸው ደምቶ አየች።

«ምን ይበላሉ?»

«ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ገንፎና ደረቅ ዓሣ።»

«ማንጎስ?» ዛፉ በላያቸው ላይ ነበር፤ የወደቀውን ፍየሎች ይበሉታል።

ሽማግሌው ሳቁ። «ማንጎ ወባ ያመጣል! ሱቅ ውስጥ ያደግሽ የነጋዴ ልጅ ስለሆንሽ አታውቂም።»

«ወባ የምታመጣው ትንኝ ናት። ማንጎ የሚበስለው ዝናብ ሲጀምር ነው፤ ትንኝም የምትራባው ያኔ ነው። ባንድ ጀልባ የተሳፈሩ ሁለት መንገደኞች ዘመድ ናቸው እንዴ?»

«እሺ፣ ከእጄ ጋር ምን አገናኘው?»

ዘሃራ የገመዱን አንድ ጫፍ ያዘች። «ስንት ክር ነው?»

«ሦስት። በአንድ ክር መረብ አይጎተትም።»

«ቆዳን፣ ድድን፣ አጥንትን አጠንክሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲንም እንዲሁ ሦስት ክር ሆኖ የተጠመዘዘ ነው። ኢላስቲን የሚባልም አለ፤ የተሳበ ቆዳ ተመልሶ የሚሰበሰበው በእሱ ነው።»

አቶ ኦሉም የግራ እጃቸውን ቆዳ ቆንጥጠው ለቀቁት። «የእኔ ሰነፍ ነው።»

«እሱ በዕድሜ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ኮላጅኑ ነው። ቁስል ሲዘጋ ሰውነት አዲስ ገመድ ይሠራል። ቫይታሚን ሲ ካላገኘ ግን ክሮቹ አይጠብቁም። እሱ ደግሞ ገንፎና ደረቅ ዓሣ ውስጥ የለም፤ ማንጎ ውስጥ ሞልቷል።»

ሽማግሌው ያልታሰረውን የገመዱን ጫፍ ለቀቁት። ሦስቱ ክሮች ቀስ ብለው ተፈቱ። ዘሃራ ይህን ዩኒቨርሲቲ በሥዕል ነበር የተማረችው፤ እንዲህ ጥርት ብሎ ታይቷት አያውቅም።

«የእኔ እጅ ያልታሰረ ገመድ ነዋ!» አሉ። «ወባ ቢይዘኝስ?»

«አጎበር ዘርግተው ይተኙ። ካተኮሰዎት ቶሎ ይምጡ። ጀልባውን ግን አንድ ወር ያቆዩት፤ እስከዚያ መረቡን ኦባንግ ይሳብ።»

ከወር በኋላ ዘሃራ በዚያው ስታልፍ አቶ ኦሉም የዳነ መዳፋቸውን ለዓሣ አጥማጆቹ ሲያሳዩ አገኘቻቸው።

«ቁስሌ ተዘጋ፤ ድዴም መድማት ተወ። ለፍየል የተውነው መድኃኒት ነው። ማንጎውን ብሉ፣ አጎበሩን ዘርጉ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ኦባንግ ብቻ አልሳቀም። «አጎቴ፣ ጀልባውስ?»

«ማንጎ እየበላህ ጠብቅ» አሉና መቅዘፊያውን በቀኝ እጃቸው አነሱ።