የቱቦው አፍ እስኪደርቅ

ተረኛ አልነበርኩም። ትናንት የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ጎራ ብል፣ «እትዬ» የምንላቸውን አንጋፋዋን ነርሳችንን ከሦስተኛው ማሞቂያ ሳጥን አጠገብ አገኘኋቸው። የመድኃኒት መስጫው ማሽን «አለቀ» እያለ ይጮኻል፤ እናትየው ከመስተዋቱ ወዲያ ትንቆራጠጣለች። እትዬ ከሕፃኗ ክንድ ገብቶ እስከ ልቧ ደጃፍ የሚደርሰውን ቀጭን ቱቦ አፍ በአልኮል ጥጥ ዳበስ አደረጉና፣ ቶሎ እንዲደርቅ «እፍ!» አሉበት።

«እትዬ፣ ይቆዩ!» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ።

«ምነው፣ እባብ አየህ?»

«እፍ አሉበት እኮ።»

«እፍ ማለት የጀመርኩት አንተ ሳትወለድ ነው። እናንተ የኮሌጆቹ ስድስቴ ወግታችሁ ካስለቀሳችኋት በኋላ ደም ሥሯን ያገኘው ማን ሆነና!»

እውነታቸውን ነው።

«እጅዎ ወርቅ ነው፤ ማንም አይክድም። ትንፋሽ ግን የማንም ቢሆን ተሕዋስያን አሉበት። በዚህ ቱቦ ከገቡ ደግሞ በቀጥታ ደሟ ውስጥ ናቸው።»

«ታዲያ እስኪደርቅ ተገትሬ ልቅር? አራት ሕፃን ይዤ?»

«ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ባለፈው ሳምንት በደም መመረዝ የሞተውን ሕፃን አንቺ ነሽ የገደልሽው ልትለኝ ነው?»

«አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም። እኔም ጥጡን አስነክቼ ብቻ ያለፍኩባቸው ቀኖች አሉ። ይህቺ ግን ገና በእጃችን ናት።»

ማሽኑ ይጮኻል። እትዬ እጃቸውን እንደገና ታጠቡ፣ አዲስ ጓንት አጠለቁ፣ አዲስ ጥጥ አነሱ።

«በል ቁጠር፣ የኔ መምህር።»

አሥራ አምስት እስክል የቱቦውን አፍ አጥብቀው አሹት። ከዚያ እስኪደርቅ ጠበቁ። ከንፈራቸው ለልማዱ ሾለ፤ መልሰው ዋጡት። መድኃኒቱን ሲያያይዙ ጩኸቱ ቆመ።

እንዲያ ቆመው ሲጠብቁ ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው የወተት መመዝገቢያ ሰንጠረዥ ላይ አርፎ ኖሯል።

«ወተቷን ሙሉውን እየወሰደች አይደል? መድኃኒቱም ይኸው የመጨረሻው ነው። ቱቦው ምን ይሠራል?»

«‹ለክፉ ቀን ይቆይ› ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ክፉውን ቀን የሚጠራው እሱ ራሱ ቢሆንስ? ሂድ፣ ሐኪሙን ጥራልኝ!»

ቱቦው ከሰዓት በኋላ ወጣ። ግማሽ ደቂቃ መታገሥና ማለዳ ማለዳ «ዛሬስ ያስፈልጋታል?» ብሎ መጠየቅ የሚያከስረን ነገር የለም፤ ለበሽታ የተከፈተ በር ግን ይዘጋል፣ ሕፃኑም ቶሎ ወደ እናቱ ይመለሳል። አሁን እፍ የሚል ወጣት ሲያጋጥማቸው እትዬ፣ «ትንፋሽህን ለልደት ሻማህ አቆየው!» ይሉታል።

ያን ዕለት እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ ስታስተኛት፣ ባዶውን ክንድ ደጋግማ ዳበሰችው።