ቦርሳዬ ውስጥ የተገኘው ሽማግሌ

ለታሪክ ተማሪዎቼ ላሳያቸው የሕንድ ፖስት ካርዶች ይዤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ፣ ኮሶዬ ላይ አንድ ታጣቂ ሚኒባሱን አስቁሞ ቦርሳዬን በረበረ። የካርዶቹን ጽሑፍ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «የምን ምስጢር ነው? አንብበው!» አለኝ። «አልችልም፤ የሕንድ ፊደል ነው» አልኩት። «የማታነበውን ምን ልትሠራ ተሸከምከው?» ብሎ ቴምብሩ ላይ ያለውን ባለመነጽር መላጣ ሽማግሌ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይኼስ አለቃህ ነው?»

ምላሴ አላረፈችም። «የለም፣ አገሩን ያለ ጠመንጃ ነጻ ያወጣ ሰው ነው» አልኩት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። ታጣቂው የገዛ ጠመንጃውን አየት አደረገና ካርዶቹን መለሰልኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ከፊት ሌላ ኬላ አለ። እዚያ እንዲህ ብለህ እንዳትመልስ» አለኝ።