ሰባተኛዋ ብልቃጥ

— ሄሎ... አቤት፣ ማን ልበል? ... ማን? ... ውይ! አንተ ልጅ፣ ዛሬ ከየት ተገኘህ? ... አውቄሃለሁ እንጂ! ያን ሁሉ ብልቃጥ የሰበረ እጅ ይረሳል እንዴ? ... እሺ፣ እሺ፣ «ዶክተር» ልበልህ!

— ቆይ፣ አልሰማህም... ሚጣ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺልኝ! ላቦራቶሪ አብሮኝ የሠራ ልጅ ነው... እሺ፣ ቀጥል።

— የድሮውን ደም ከማቀዝቀዣው አወጣችሁት? ሃያ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ! ... የዴንጊውንም የዚካውንም... አዎ፣ ሁለቱም ቢምቢ የምታመጣቸው ዘመዳም በሽታዎች ናቸው፣ በየትኛው በሽታ የትኛው ጂን እንደሚነቃ ታነጻጽራላችሁ... ገብቶኛል፣ ጡረታ ወጣሁ እንጂ አልጃጀሁም!

— ታዲያ ምን ተፈጠረ? ... ለማነጻጸሪያ ከተቀዳው ከጤነኞቹ ደም? ሰባተኛዋ ብልቃጥ? ... ጂኖቹ ልክ እንደ ዴንጊ ታማሚ? ... ቫይረሱም ተገኘባት?

— የለም፣ ብልቃጥ አልተቀያየረም! የእስክሪብቶው ቀለም በቅዝቃዜው እየለቀቀ ሲያስቸግረን ቁጥሩን በጥፍር ቀለሜ ነበር የምጽፍባቸው... አዎ፣ በቀዩ!

— ጤነኞቹማ እኛው ነበርን። ደም የሚሰጥ ሲጠፋ እጅጌያችንን ሰብስበን እርስ በርሳችን እንቀዳዳ ነበር። አንተ መርፌ ፈርተህ ሽንት ቤት የተደበቅህ ለትማ... ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ይናፍቀኛል እኮ።

— ሰባተኛዋ የማን ናት? ... ቆይ...

— አለሁ፣ አለሁ። ... የባለቤቴ ናት። ... አዎ፣ የላቦራቶሪው ቢምቢ አርቢ። ሰው በግ ያረባል፣ የኔው ደግሞ ቢምቢ! ... አሜን፣ ነፍሱን ይማረው።

— ያን ሰሞን «ድክም አለኝ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ሥራ ጠልተህ ነው፣ ተነስ!» ብዬ ከአልጋው ጎትቼ አመጣሁት። ደሙንም ራሴ ቀዳሁት። ራሴ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ። ... ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት እኮ! እሱ ግን ክፉ ቃል አልወጣውም...

— ምንም አልሆንኩም ሚጣዬ፣ ሂጂ ተጫወቺ...

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ... ከጥናቱ ልታወጣት? ጽሑፉን ነገ ለኅትመት ልትልክ? ... ስማኝ፣ ከጤነኞቹ አውጣት፣ ልክ ነህ። ግን እንዳትጥላት! ከዴንጊዎቹ ጋር አስገባት። ... ማስረጃ? እኔ እፈርማለሁ። «መዝጋቢዋ ተሳስታ ነው» ብለህ ጻፍ... ስሜንም ጻፈው፣ ምን ችግር አለው?

— አይ የኔ ጌታ፣ እሱንማ ይቅርታ ልለው አልደርስበትም። በወረቀት እንኳ ታሞ ነበር ይባልለት። ... እሺ... እሺ፣ ቻው።