ቀድሞ የገባው እልልታ

ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ የቴአትር ተማሪ ከስልኩ የሠርግ ዘፈን ከፍቶ ይሰማል። አጠገቡ የተቀመጡት እናት ዘፈኑን ያውቁት ኖሯል።

“ይሄ የኛ ሙዚቃዊ ተውኔት አይደለም እንዴ?”

“ነው ማዘር። የአዲሶቹ ተዋንያን ቅጂ ነው። የድሮው ካሴትም ስልኬ ላይ አለ፤ ግን የአዲሶቹ ይበልጣል፤ ጥርት ያለ ነው።”

“ለነሱማ ምን አለባቸው! እኛ አንዲት ማይክ ከበን ባንዴ ነው የቀዳነው።”

“እርስዎ ተዋናይ ነበሩ?”

“የተዋንያኑ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ለእልልታ ሰው ሲጎድል ጠሩኝ።”

“ሙሽራዋ ሳትገባ የሚቀልጠው እልልታ?”

“እሱ ነው።”

“እሱ እኮ ፈተና ላይ መጥቶብናል! መምህራችን ‘እልልታው የቀደመው ደራሲው የእናትን ጉጉት ሊያሳይ ፈልጎ ነው’ ብሎናል።”

“የምን ደራሲ! እኔ ነኝ ተሳስቼ የቀደምኩት። አዘጋጁ ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፎኛል።”

“ከዚያ ወዲህ እኮ ሁሉም እንደዛ ነው የሚጫወተው!”

“በል እስቲ፣ የአዲሶቹን መልሰህ ክፈተው።”

ከፈተው። እናትየው ዓይናቸውን ጨፍነው እልልታው እስኪያልቅ አዳመጡ።

“እንዴት ናቸው ማዘር?”

“ጎበዞች ናቸው። ስህተቴን ዝንፍ ሳያደርጉ አጥንተውታል። አሁን ደግሞ የኔን ክፈትና ልዩነቱን ስማ።”

መውረጃዬ አምስት ኪሎ ነበር፤ ተማሪው በከፈተው የድሮ ካሴት ላይ የሳቸው እልልታ ግን ገና ስላልገባ “ወራጅ አለ” ሳልል አለፍኩት።