ፈረንጁ ትቶልን የሄደው ቃልና በሽተኛ

በእኛ ዘመን፣ ልጆቼ፣ አንኮበር ላይ የእንግሊዝ አፍ የሚያውቅ ቢፈለግ አንድ አስተርጓሚ ቢገኝ ነው፤ እኔ ግን አንዷን ቃላቸውን እስከ ዛሬ ይዣታለሁ። ያኔ ሙሽራ ነኝ፣ አማቴ ቤት። ታዲያ አንድ እንግሊዝ ከቆላ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሊያልፍ ሲል ወጥ ሠሪው በንዳድ ወደቀበት። አሊ ይሉታል፣ የጠረፍ ሰው ነው፣ እስላም። ፈረንጁ እኛ ቤት አስተኛውና "ሉክ አፍተር ሂም" አለን።

አማቴ አስተርጓሚውን፣ "ምን አድርጉት ነው የሚለው?" አሉት።

"እሜቴ፣ ይቺ ቃል ለልጅ ሲሆን ማሳደግ ናት፣ ለከብት መጠበቅ፣ ለሽማግሌ መጦር፣ ለበሽተኛ ማስታመም። እነሱ ለሁሉም ይቺኑ ነው የሚሉ።"

"ቁጥቦች ናቸው። እሺ፣ እናስታምመዋለን በለው።"

ፈረንጁ ሄደ። እና እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ ባሌ ዶሮ አረደልኝ፣ መረቅ ሠርቼ አቀረብኩለት። ሰውየው አየት አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግስቱም እንዲሁ። ውሃ ብቻ። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ፣ ዐይኑ ጎደጎደ፣ እኛ ቤት ሊሞት ነው። እኔማ ተናድጄ፣ ፈረንጅ ያቀማጠለው ነው እያልኩ አጉረመርማለሁ። አማቴ ግን ዶሮውን ማን እንዳረደው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።

"አንቺስ" አሉ፣ "እስላም ያረደውን ትበያለሽ?"

መረቁን ከፊቱ አነሣሁት።

ታዲያ ሌላ ዶሮ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ እኔን አስከትለው ቁልቁለቱን እስላም ወደሆነው አርጎባ ሸማኔ ቤት ወረዱ። እሱ አረደላቸው፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ቀቀለችው፣ ድስቱን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። በሽተኛው በተሰባበረ አማርኛ ማን እንዳረደው ጠየቀ። የሸማኔውን ስም ሲሰማ ቢስሚላሂ አለና ጠጣ፣ ጠጣ፣ ድስቱን ገለበጠው። ከዚያ ወዲያ ያ ቁልቁለት የእኔ ሆነ፣ ጠዋት ወርጄ ረፋድ ላይ እወጣለሁ።

ፈረንጁ ሲመለስ ሰውየው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ሲልጥ አገኘው። አሁን ለምስጋና ያቺኑ ቃል ደገማት፣ ደስ ብሎት። አስተርጓሚው ገና አፉን ሳይከፍት አማቴ፣ "ገብቶኛል" አሉት። "ይልቅ ጠይቅልኝ፤ በዚያች ቃላቸው ውስጥ የአርጎባው ቢላዋና ይሄ ዳገት አሉበት?"

ተረጎመለት። ፈረንጁ አሊን አየ፣ ቁልቁለቱን አየ፣ አሉበት አለ።

"እንግዲያስ ሙሉ ቃል ናት፤ አንዷም ትበቃቸዋለች።"

እኔንም እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ ወይ ብትሉኝ አዎ ነው የምለው። ሃሃ! ጉልበቴን ጠይቁት፣ ያቺን ቃል ዳገቱ ላይ ተምሮ ይሄው እስከ ዛሬ ያጠናታል።