የጸሐፊው ስንብት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ብርሃን፤ በአንዲት የእድር ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ እናቱን ከቀበረ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ የሆነው ሰብሳቢ፣ አቶ ወንድይራድ፣ ጺሙን ሳይላጭ ቆሟል፤ አሥራ አንድ ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ሆኖ የኖረው ሳህሌ ወረቀት ዘርግቶ ከፊቱ ተቀምጧል።

ወንድይራድ፦ ጻፍ አልኩህ እኮ! እስክሪብቶውን ምን ታሽከረክረዋለህ?

ሳህሌ፦ ጋሼ፣ ሰው የገዛ ራሱን የስንብት ደብዳቤ ሲጽፍ ሰምተው ያውቃሉ?

ወንድይራድ፦ አልሰማሁም። ነገ ግን ሁለት መቶ አርባ አባወራ ይሰማል። ትናንት ነግሬሃለሁ፦ በገዛ እጅህ ትጽፋታለህ፣ በገዛ አፍህ ጉባኤው ፊት ታነባታለህ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ትወጣለህ። ከእድሩም ትሰረዛለህ። ስትሞት የሚቀብርህ ሰው ፈልግ።

ሳህሌ፦ ከሞትኩ በኋላማ እኔ ምን እፈልጋለሁ? ፈላጊው ሌላ ነው።

ወንድይራድ፦ ቀልድ! አሁንም ቀልድ አለህ!

ሳህሌ፦ ይሁን፣ ይበሉ። ቀኑን ጽፌያለሁ። “ለአቶ ሳህሌ ወልደ ጻድቅ፣ ባሉበት” ብያለሁ።

ወንድይራድ፦ ምን “ባሉበት” አለው? እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ተቀምጠህ!

ሳህሌ፦ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጀመረው።

ወንድይራድ፦ እሺ። “ጉዳዩ፦ ስለማባረር።”

ሳህሌ፦ “ከሥራ ስለማሰናበት” ነው የሚባለው።

ወንድይራድ፦ እኔ ማባረር ነው የምፈልገው!

ሳህሌ፦ ቢያሰናብቱኝም ያው ነው የምባረረው። ወረቀቱ ወግ ይኑረው ብዬ ነው።

ወንድይራድ፦ በል እንዳልክ። “እርስዎ እጅግ አሳፋሪ የሆነ፣ በጣም አሳፋሪ የሆነ…”

ሳህሌ፦ ሁለት ጊዜ አሳፋሪ ሆነ። “በእድራችን ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነውር” ብንለውስ?

ወንድይራድ፦ ጻፈው።

ሳህሌ፦ “ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ሐዘንተኛን ከወዳጁ የለየ” ልጨምርበት?

ወንድይራድ፦ ጨምርበት! አየህ፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። እንዲህ ያለ እጅና እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዘህ! ምን ያላደረግኩልህ ነገር አለ? ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ በገመድ አንገትህ ላይ አላንጠለጠልኩልህም?

ሳህሌ፦ ገመዱ አሁንም አለ። የጠፋው ደብተሩ ነው።

ወንድይራድ፦ ሰሌዳ አሰቀልኩልህ።

ሳህሌ፦ ሰሌዳው ጠቅሞኛል።

ወንድይራድ፦ ጠመኔውን የት እንዳደረግከው ረሳህ! ስልክህ ላይ ማንቂያ ሞላሁልህ፤ በጮኸ ቁጥር እኔ ጋ ደውለህ “ጋሼ፣ ምን ነበር?” ትለኛለህ። አቶ ደገፉ ቤት ልቅሶ ድረስ ብዬ ብልክህ የት ሄደህ ነው ግማሽ ቀን ስታለቅስ የዋልከው?

ሳህሌ፦ በር ተሳስቼ ነው። ድንኳን ሲተከል አየሁና ገባሁ።

ወንድይራድ፦ የሰርግ ድንኳን ነበር! የሙሽራው እናት እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም!

ሳህሌ፦ እኔንም አትለኝም።

ወንድይራድ፦ ይኼን ሁሉ ችዬሃለሁ። ለምን? የእድሩን መሬት ካርታ ያስወጣችውን ደብዳቤ የጻፍክ አንተ ነህ። የተጣላ አባል ሲመጣ ሁለቱንም አስቀህ ትመልሳለህ። መተዳደሪያ ደንቡን ከአንቀጽ አንድ እስከ መጨረሻው በቃልህ ትወጣዋለህ። “ሳህሌ ይርሳ፣ ከሚሠራው ይልቅ የሚረሳው ትንሽ ነው” እያልኩ ስንቱ ፊት ተሟግቼልሃለሁ! እናቴ ላይ ግን… እናቴ ላይ!

ሳህሌ፦ ይቀመጡ ጋሼ።

ወንድይራድ፦ አልቀመጥም! ንጋት ላይ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ደወልኩልህ። “እማዬ አረፈች፣ ለፋፊውን ጡሩምባ አስይዘህ አስወጣው” አልኩህ። ምን አልከኝ?

ሳህሌ፦ “እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ አሁኑኑ” አልኩ።

ወንድይራድ፦ አሁኑኑ! ወደ አዲሱ ሰፈር ከወጣን ገና ሦስት ወራችን ነው፤ ጎረቤት የለን፣ የሚያውቀን የለ። አንተን ብቻ አምኜ ሬሳ ሳስገንዝ አረፈድኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይመጣሉ እላለሁ። ቄሱ “የምትጠብቁት ሰው አለ?” ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሥራ ሰባት ሰው! እማማ ትርንጎ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ልቅሶ በእግሯ የዞረች ሴት፣ አሥራ ሰባት ሰው ቀበራት! ድንኳኑ የመጣው እኛ ከቀብር ስንመለስ ነው። እኔ በዚያ ቀን አለቀስኩ አይባልም። በንዴት ነው የጮህኩት።

ሳህሌ፦ ከባድ ነው።

ወንድይራድ፦ ከባድ ነው ትለኛለህ! አርባዋ ሳይወጣ አንተን ከዚህ ወንበር ካላነሳሁ የእሷ ልጅ አይደለሁም። ነገ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያይህ፣ ያን ጊዜ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ጻፍ! “ለፋፊ ማስወጣቱን በመርሳትዎ…”

ሳህሌ፦ ይኼን አልጽፍም።

ወንድይራድ፦ ምን?

ሳህሌ፦ የቀረውን ሁሉ ጻፍኩልዎ። ይህቺን ቃል ግን አልጽፍም። ሐሰት ናት።

ወንድይራድ፦ አልረሳሁም ልትለኝ ነው? ለፋፊው ራሱ “ማንም አልላከኝም” ብሎ ምሎልኛል!

ሳህሌ፦ እውነቱን ነው፤ አልላክሁትም። የሟቾች መዝገብ ከጀርባዎ ነው፤ ያውርዱት እስቲ። አሥራ አንድ ዓመት፣ ስልሳ አምስት ሟች። “ለፋፊ የወጣበት ሰዓት” የሚለውን ዓምድ ብቻ ይመልከቱልኝ።

ወንድይራድ፦ አሥራ አንድ ተኩል… አሥራ ሁለት… አሥራ አንድ ተኩል… እና ምን ይሁን?

ሳህሌ፦ ቁልፍ ረስቻለሁ። ራሴ የጠራሁትን ስብሰባ ረስቼ ገበያ ወጥቻለሁ። የልጄን የልደት ቀን እሷ ናት የምታስታውሰኝ። የሰው ሞት ረስቼ ግን አውቃለሁ?

ወንድይራድ፦ ቆይ፣ ይኼ መስመር ባዶ ነው።

ሳህሌ፦ ባዶ የሆነው ሁለት መስመር ብቻ ነው። አንዱ የእናትዎ ነው። ሌላው የዛሬ ሦስት ዓመት ነሐሴ ላይ አለልዎ።

ወንድይራድ፦ እታለማሁ… አክስትህ?

ሳህሌ፦ ያሳደገችኝ። እኔ ሌላ እናት አላውቅም።

ወንድይራድ፦ እሷ እኮ በቤተሰብ ቅጽህ ላይ አልነበረችም! ማስመዝገቡን አንተው ነህ የረሳኸው!

ሳህሌ፦ አዎ፣ ያንን ረስቻለሁ። ቅጹን ሞልቼ መሳቢያዬ ውስጥ ረሳሁት። ያን ዕለት አውጥቼ ሰጥቼዎት በእጅዎ ይዘው አይተውታል። ለፋፊው ጡሩምባውን ይዞ እዚህ በር ላይ ቆሞ ነበር። “ተመለስ፤ አክስቱ በቅጹ አልተመዘገበችም” አሉት።

ወንድይራድ፦ ለአንተው ብዬ ነው! አንድ ጊዜ ከገባህ ሁለተኛ አትረሳም ብዬ፣ ትምህርት እንዲሆንህ!

ሳህሌ፦ ሆነኝ። በዝናብ ነው የቀበርናት፣ ዘጠኝ ሆነን። ሳጥኑ ሲከብደን ተቀብሎ የሚያሳርፈን ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ አስቀመጥናት ጋሼ። ሁለት ጊዜ። ሰዉ በሰልስቷ ሰምቶ ሲጠይቅዎ ምን አሉ?

ወንድይራድ፦ አላስታውስም።

ሳህሌ፦ እኔ ልንገርዎ። “ቤተሰቡ በጸጥታ ልቅበር ስላለ ነው” አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ቅጹን የረሳሁት እኔ ነኝና አፈርኩ።

ወንድይራድ፦ እና ሦስት ዓመት ሙሉ… እዚህ ተቀምጠህ፣ ከእኔ ጋር ሻይ እየጠጣህ፣ እየሳቅክ…

ሳህሌ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ።

ወንድይራድ፦ እናቴ ምን አደረገችህ? “ልጄ ሳህሌ” ነበር የምትልህ! አንተ እርጉም፣ እናቴ ምን በደለችህ?

ሳህሌ፦ ምንም። እኔንም የሚበላኝ እሱ ነው። ለእሳቸው አዝኛለሁ፤ ለእርስዎ ግን አላዘንኩም። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስም አለኝ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድልኝም።

ወንድይራድ፦ አይውረድልህ! አነቅኩህ ማለት ነው እዚሁ! ጻፍ፣ “ሆን ብለው” ብለህ ጻፍ! እንኳን ከእድሩ ከከተማው ነው የማስወጣህ!

ሳህሌ፦ እየጻፍኩ ነው። “ሆን ብለው፣ አስበው፣ በቂም ተነሳስተው።” ጥሩ ነው?

ወንድይራድ፦ ጥሩ ነው! አስምርበት!

ሳህሌ፦ አሰመርኩ። “በቂም” ከተባለ ጉባኤው “የምን ቂም?” ማለቱ አይቀርም። ከሥሩ አስገባዋለሁ፦ “ሰብሳቢው የወይዘሮ እታለማሁን ለፋፊ ከበር መልሰው፣ ለአባላት ግን ቤተሰቡ በጸጥታ ልቅበር አለ ብለው በመናገራቸው…”

ወንድይራድ፦ ቆይ፣ ቆይ! እሱን ማን ጻፍ አለህ? አጥፋው!

ሳህሌ፦ ተከሳሽ መልሱ ሳይሰማ አይሰናበትም። አንቀጽ ሃያ ሁለት ነው፤ እርስዎ ነዎት ያጸደቁት።

ወንድይራድ፦ አንተም እኮ አብረህ ነው የምትዋረደው! የሰው እናት ቀብር ያበላሸ ብለው በድንጋይ ነው የሚያባርሩህ!

ሳህሌ፦ አውቃለሁ። ይገባኛልም። ይኸው ፈርሜያለሁ፤ የእርስዎ ቦታ በስተግራ ነው።

ወንድይራድ፦ ሳህሌ።

ሳህሌ፦ አቤት።

ወንድይራድ፦ ተው እስቲ። የእሷን ጊዜ… ሰዉ ይኼን ከሰማ እኔን እንኳን ሰብሳቢ፣ ድንኳን ተሸካሚ አያደርገኝም። የእናቴንም ልቅሶ ይረግሙብኛል፤ “የእጁን ነው ያገኘው” ይላሉ።

ሳህሌ፦ ይሉ ይሆናል።

ወንድይራድ፦ ስማኝ። ወረቀቱን ቅደደው። “ረስቶ ነው” እንላለን፤ አንተ ስትረሳ ማን ይገረማል? ሥራህ ላይ ትቆያለህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ። ነገ ጉባኤው ላይ ማንም ምንም አያነሳም። በአንተና በእኔ መካከል ያልቃል፣ እሺ? እሺ በለኝ እንጂ!

ሳህሌ፦ መስኮቱን ይክፈቱት ጋሼ። ጡሩምባው ይሰማዎታል? ለፋፊውን ጠዋት አስወጥቼዋለሁ፤ “የእማማ ትርንጎና የእማማ እታለማሁ ቀብር ነገር ነገ በጉባኤ ይነገራል፣ ማንም እንዳይቀር” እያለ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ነው።