አማካይ የደበቃቸው ቤቶች

ነገሩ የተጀመረው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ያን ማክሰኞ ጠዋት የሄድኩት መታወቂያዬን ለማስገልበጥ ነበር። ከፊቴ ቆመው ያገኘኋቸው ጎረቤቴን ጋሽ ማኅተምን ነው። ስማቸው ይህ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ ማኅተም ያላረፈበትን ወረቀት ከወረቀት ስለማይቆጥሩት ሰፈርተኛው እንዲህ ብሎ ሰየማቸው፤ እሳቸውም ወደዱት።

"እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ማኅተም?" አልኳቸው።

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳንም አገኘሁዎት፣ መምህርት፤ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ልወቅስዎት ነበር።"

"ምነው፣ ምን አጠፋሁ?"

የያዙትን ቅጽ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። የሟች ታናሽ ወንድማቸው ልጅ፣ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እሳቸው ያሳደጓት፣ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳለች። የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደርሷል፤ ቅጹ የሚመለሰው ዓርብ ነው።

"ውጤቷ ፋርማሲ ያስገባታል፣ መምህርት! ሰው ደጅ ጠንቶ የማያገኘውን! እሷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ፖለቲካል ሳይንስና የሕዝብ ፖሊሲ ትንተና! ስሙን ጠርቶ ለመጨረስ እንኳ ትንፋሽ ያጥራል። እኔም ፋርማሲ ብዬ ሞላሁላት፤ እሷ መፈረም ብቻ ነው የሚቀራት። ይህን ሐሳብ ጭንቅላቷ ውስጥ የከተቱት ግን እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ያስተማርኳት ሒሳብ ነው።"

"እኮ! ሒሳቡን ይዛ የት ልትገባበት ነው?"

ይህን ሲሉ ልጅቷ ራሷ ገባች። ብብቷ ሥር ወፍራም የወረቀት ጥቅል ይዛለች። አጎቷን ጉንጫቸውን ሳመች፤ ቀና ስትል ዓይኗ ቅጹ ላይ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?"

"የወደፊት ሕይወትሽ ነው።"

"የእኔ ከሆነ ታዲያ ማን ሞላው?"

የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ማሽኑን አቁማ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አሳረፈች። ጋሽ ማኅተም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ፖለቲካ አባትሽን ምን እንዳደረገው ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች፤ ሰፈሩም ያውቃል። አባቷ የጤና ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። አንድ ቀን በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ "መድኃኒቱ ወረቀት ላይ አለ፣ መደርደሪያው ላይ የለም፤ የት ገባ?" ብሎ ጠየቀ። "አንተን ማን ነው የላከህ?" አሉት። ወር ሳይሞላው ሩቅ ቦታ አዛወሩት፤ እዚያም ታሞ ሳይመለስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ማኅተም ስብሰባ የሚባል ነገር ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

"አባዬ ጥያቄ ጠየቀ፣" አለች ልጅቷ። "ጥያቄው ልክ ነበር። እርስዎ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ አድርገው ነው የሚነግሩኝ።"

"አፉን ቢይዝ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር!"

"መድኃኒት ያጡት በሽተኞችስ? እነሱም አፋቸውን ይዘው ነበር። ዳኑ?"

ጋሽ ማኅተም ወደ እኔ ዞሩ። ማስታረቅ ነበረብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ልጅቷ ምን እንደምትል ለመስማት ጓጉቼ ወደ እሷ ዞርኩ።

"ፋርማሲ የተከበረ ሙያ ነው፣ ጋሼ። አልናቅኩትም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን መድኃኒቱ መንገድ ላይ የሚቀረው ለምን እንደሆነ ነው። የሚወስነው ማን ነው? በምን ሥልጣን? ውሳኔውን ማን ይቆጣጠረዋል? ፖለቲካል ሳይንስ የሚያጠናው ይህን ነው። የፖሊሲ ትንተናው ደግሞ አንድ ውሳኔ ለማን እንደደረሰና ማንን እንደዘለለ በቁጥር ይፈትሻል። ስታቲስቲክስ አለው፣ ኮምፒውተር አለው፣ ሕግ አለው፣ ሰው ቤት ሄዶ መጠየቅ አለው።"

"በዚህስ ማን ይቀጥርሻል?"

"ሆስፒታል፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የጥናት ድርጅት። ልዋሽዎት ግን አልፈልግም፤ እንደ ፋርማሲ የተረጋገጠ አይደለም። ቢሆንም ዓርብ የራሴን ምርጫ አስገባለሁ። ቢቆጡኝም፣ ቢያኮርፉኝም አስገባለሁ። ይህን ቅጽ አልፈርምም።"

"ታዲያ ይገልበጥ ወይስ ይቅር?" አለች ባለ ፎቶ ኮፒዋ።

"ይገልበጥ!" አሉ አጎት። "ይቅር!" አለች ልጅቷ። ሴትዮዋ ሁለቱንም አይታ የእኔን መታወቂያ ከእጄ ወስዳ ገለበጠች።

ይሄኔ ነው ጋሽ ማኅተም ጥቅሉን ልብ ያሉት። "እሱስ ምንድን ነው?"

"ሐሙስ የውሃው ስብሰባ ላይ የማቀርበው ነው።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። "እዚያ አዳራሽ ውስጥ ባይሽ እጅሽን ይዤ ነው የማወጣሽ!"

"ይምጡ፤ ወንበር ይዤ እጠብቅዎታለሁ።"

ስለ ጥቅሉ ልንገራችሁ። ሰፈራችን ተዳፋት ላይ ነው፤ ስድስት ረድፍ ነው፣ በየረድፉ አሥር ቤት። ጋሽ ማኅተም የሚኖሩት ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ እኔ ስድስተኛው፣ ከሁሉ በላይ። ለላይኞቹ ረድፎች የውሃ ጽሕፈት ቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን በቦቴ ውሃ ይልክልን ነበር። ከስብሰባው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ግን ቦቴው ሊቀር ነው ተባለ። "የሰፈሩ ነዋሪ በአማካይ በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት የቧንቧ ውሃ ስለሚያገኝ በቂ ነው" የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔ ማስታወቂያውን ያነበብኩት በሁለት እጄ ጀሪካን ይዤ ዳገቱን ስወጣ ነው።

ልጅቷ በእረፍቷ ስምንት ሳምንት ስድሳውንም ቤት እያንኳኳች ነበር። በየማድ ቤቱ ግድግዳ ወረቀት ለጠፈች፤ ውሃ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት እንድንጽፍ አደረገች። አንዳንዱ ሳቀባት። አንዷ ጎረቤቴ፣ "ውሃው ራሱ ሳይመጣ ወረቀቱ መጣ!" ብላ ቀልዳለች፤ ግን ጻፈች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከፊት ተቀምጧል፤ አጠገቡ መነጽር ያደረገች ኢንጂነር አለች። ኃላፊው ሲናገር ጋሽ ማኅተም ገቡ። ቆባቸውን በእጃቸው እያሹ በሩ አጠገብ ቆሙ። ልጅቷ አጠገቧ ወዳለው ባዶ ወንበር ጠቆመቻቸው። አልተቀመጡም።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጇን አወጣች።

"አሥራ ሁለት ሰዓት ያሉት ልክ ነው፣ ጌታዬ። እኔም ደምሬ አካፍዬ አሥራ ሁለት ነው ያገኘሁት። ግን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚያገኝ አንድም ረድፍ የለም። የመጀመሪያው ረድፍ ሃያ ሰዓት ያገኛል፤ ሁለተኛው አሥራ ስምንት፤ ሦስተኛው አሥራ ስድስት። አራተኛው አሥራ አንድ ነው፤ አምስተኛው አምስት። ስድስተኛው ረድፍ በሳምንት ሁለት ሰዓት ያገኛል። ቦቴው ቢቀር አማካዩ አይነካም። የሚጠሙት ግን ሃያ ቤቶች ናቸው።"

አዳራሹ አጉረመረመ። እኔ ጋሽ ማኅተምን አየኋቸው። እሳቸው የሁለተኛው ረድፍ ሰው ናቸው፤ ውሃ አነሰ ሲባል ሁልጊዜ፣ "አለ እኮ፣ ከፈት አድርገው ይዩት" ነበር የሚሉኝ።

ኃላፊው ፈገግ አለ። "እህቴ፣ የጽሕፈት ቤቱ ቁጥር በባለሙያ የተሠራ ነው። ይህ በማድ ቤት ግድግዳ የተጻፈ ነው። ለመሆኑ አንቺን ማን ነው የላከሽ?"

ጋሽ ማኅተም በጥፊ እንደተመታ ሰው ነቅነቅ አሉ።

"ማንም አልላከኝም፣" አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልተቀመጠችም። "የማን ልጅ እንደሆንኩ ቢጠይቁኝ በኩራት እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሬ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ያሳዩኝ።"

"ቁጭ በይ፣ ጊዜ የለንም።"

"አትቀመጥም!"

ይህን ያሉት ጋሽ ማኅተም ናቸው። ሊያወጧት የመጡት ሰውዬ በወንበሮቹ መካከል እየገፉ ወደ ፊት ሄዱ። "ጌታዬ፣ እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። የእናንተ ሠራተኛ መስመር በከፈተና በዘጋ ቁጥር በየረድፉ ሰዓቱን ይጽፋል። ያንን መዝገብ በየዓመቱ ስቀበል የኖርኩት እኔ ነኝ። ይምጣና ከልጅቷ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን ይነበብ። ከዋሸች እጇን ይዤ አወጣታለሁ። ካልዋሸች ግን መልስ ይሰጣታል!"

"ይምጣ!" አለ አንዱ ከኋላ። "ይምጣ! ይምጣ!" አለ አዳራሹ።

ኃላፊው አፉን ሊከፍት ሲል ኢንጂነሯ እግሯ ሥር ካለው ቦርሳ ሰማያዊ መዝገብ አወጣች። "ይዤዋለሁ፣" አለች በቀስታ። ገጾቹን ገልጣ፣ ጣቷን በመስመሩ እያስኬደች አነበበች። የመጀመሪያው ረድፍ፣ ሃያ። ሁለተኛው፣ አሥራ ስምንት። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች። "አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ። ልጅቷ ጨምራልናለች እንጂ አልቀነሰችብንም።"

ውሳኔው በዚያው ቀን ታገደ።

ወደ ቤት ስንወጣ ጋሽ ማኅተም ብዙ መንገድ ከፊታችን ቀድመው ሄዱ። የተሸነፉ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ክርክር እያዘጋጁ ኖሯል።

"እሺ፣" አሉ በመጨረሻ። "ጎበዝ ነሽ፤ ዓይኔ አይቷል። ግን ይህን ሁሉ የሠራሽው ገና ትምህርቱን ሳትጀምሪው ነው። መምህርት ባስተማሩሽ ሒሳብ ነው። ታዲያ ዩኒቨርሲቲው ምን ሊጨምርልሽ ነው? ፋርማሲ ተማሪና በትርፍ ጊዜሽ ትቆጥሪያለሽ።"

መልካም ጥያቄ ነበር። ልጅቷ ቆመች።

"ጋሼ፣ ይህ ስድሳ ቤት ነው፤ ስድሳ በር ማንኳኳት እችላለሁ። ስድሳ ሺህ ቢሆንስ? የትኞቹን አንኳኩቼ ስለ ሌሎቹ መናገር እንደምችል አላውቅም፤ በግምት ከሄድኩ እኔም እንደ ሰውዬው ሰው እዘላለሁ። ሁለተኛ፣ ኢንጂነሯ መዝገቡን ባትይዘው ወይም ኃላፊው አላሳይም ቢል ምን አደርግ ነበር? እንዲያሳይ የሚያስገድደው ሕግ አለ? ከእሱ በላይ ያለው ማን ነው? አላውቅም። ዛሬ ያዳኑኝ አጋጣሚና እርስዎ ነዎት። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰምተዋል አይደል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሁለተኛ እንዲህ መንቀጥቀጥ አልፈልግም። ቁጭ በይ ሲሉኝ ቁጭ እንዳልል የሚያደርገኝን ነገር ነው መማር የምፈልገው።"

ጋሽ ማኅተም ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። "ወንድሜ ያን ቀን ሲነሣ፣" አሉ፣ "እኔ በእንግድነት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ማን ላከህ ሲሉት አንገቴን ደፋሁ። አንድ ሰው እንኳ አብሮት ቢነሣ ኖሮ … እሱ አይደለም ያጠፋው። የራሴን ፍርሃት ማመን ስላቃተኝ ነው ጥፋቱን በእሱ ላይ ስጭን የኖርኩት።"

ልጅቷ እጃቸውን ያዘቻቸውና ዳገቱን አብረው ወጡ።

ዓርብ ጠዋት የራሷን ቅጽ አስገባች። ጋሽ ማኅተም ፋርማሲ ብለው የሞሉትን እዚያው ሬጅስትራሩ በር ላይ አራት ቦታ ቀደዱት።

ከዚህ ወዲያ የሆነውን ባጭሩ ልበል። ቦቴው አልቀረም። የመስመሩ መክፈቻ ሰዓት ተከልሶ የታችኞቹ ረድፎች ጥቂት ሰዓት ለቀቁ፤ ዛሬ እኛ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት እናገኛለን፣ ሁለተኛው ረድፍም አልተጠማም። ጉልበቴም አረፍ ብሏል። ፖለቲካ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ልጆቻቸውን ጓዳ የሚደብቁ ወላጆች ሁሉ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፦ ውሃው፣ መንገዱ፣ መድኃኒቱ፣ የልጆቻችን የመማሪያ ክፍል፣ ሁሉም በአንድ ሰው ውሳኔ ነው የሚያልፈው። ያን ውሳኔ የሚመረምር የተማረ ልጅ ከሌለን የሚወስንልን ሰው ራሱን ብቻ ነው የሚሰማው። መመርመር የተማረ ልጅ ድንጋይ አያነሣም፣ ስድብም አያስፈልገውም፤ ቁጥሩን ዘርግቶ "የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" ብሎ ይቆማል። ኃላፊውም ቢሆን ይጠቀማል፤ ስሕተቱን ሰው ሳይጎዳ ያውቃል። ፍርሃት አንድም ሰው አላዳነልንም።

ልጅቷ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ስለ አውቶቡስ መስመሮች ለምታጠናው ጥናት መረጃ አስፈልጓት ነበር፤ ፈተና ስለነበረባት ደብዳቤውን ይዘው የሄዱት ጋሽ ማኅተም ናቸው። እኔም አብሬ ሄድኩ። የትራንስፖርት ቢሮው ጸሐፊ ደብዳቤውን በጨረፍታ አየና መለሰላቸው።

"አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለተማሪ አንሰጥም።"

"ልክ ነው፣ ሊከለክሉ ይችላሉ፣" አሉ ጋሽ ማኅተም በትሕትና። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ልጄ የሕጉን አንቀጽ እዚህ ታች ጽፋልዎታለች፤ አንቀጹ የሚከለክል ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ ይላል። ስለዚህ እምቢ ያሉበትን ምክንያት ይጻፉልኝ። ስምዎንና ቀኑንም አይርሱ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ አልቸኩልም።"

ጸሐፊው ብዕር አነሣ። ወረቀቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ መረጃውን ሊያመጣ ተነሣ።